የአምበሉ የመጨረሻ ልምምድ

ከመጋቢት ሁለተኛ ሳምንት፣ ከማክሰኞ ጠዋት ጀምሮ፣ የሃልቫላ የበረዶ ሆኪ ቡድን አምበል አልነበረውም። ከጉርምስናው አንሥቶ በተከላካይነት የተሰለፈው ሴቬሪ ካርሂላ ሙሉ ትጥቁን እንደ ለበሰ፣ የራስ ቁሩ ከጎኑ ተንከባሎ፣ በሜዳው መሀል በጀርባው ተዘርግቶ ተገኘ። የማጅራቱ አጥንት ተሰብሯል። በዙሪያው በረዶው ላይ ትኩስ የመንሸራተቻ ጫማ ጭረቶች ይታዩ ነበር። ያገኙት ሠራተኞች ብቻውን ሊለማመድ ገብቶ ወደቀ አሉ፤ ከተማውም ይህንኑ ተቀበለ። ቅዳሜ የዋንጫው ወሳኝ ጨዋታ ነበርና ሌላ ነገር ማሰብ የፈለገ ሰው አልነበረም።

ኢንስፔክተር ሲርካ ኔቫላ ለመቀበል የምትቸኩል ሴት አይደለችም። አጠገቡ ተንበርክካ ረዘም ላለ ጊዜ አየችው። የአስከሬን መርማሪው የግራ እግሩን ጫማ ሲያወልቅ ከሥር የታየው ካልሲ ወፍራምና አዲስ ነበር፤ የማሸጊያው እጥፋት ገና አልለቀቀውም። ሲርካ በማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።

መጀመሪያ ያነጋገረችው በዚያው ቡድን በአጥቂነት የሚጫወተውን የሟቹን ታናሽ ወንድም፣ ኑቲን ነው። ለመስኮቱ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጦ፣ ብርሃኑን በመዳፉ ይከልል ነበር።

«ሰኞ ዕለት ከወንድምህ ጋር ተናንቃችሁ ነበር ይባላል።»

«ወንድማማቾች አይደለን? ያላነቀኝ ሳምንት የለም።»

«የሰኞው በምን ነበር?»

«ባለፈው ጨዋታ ጭንቅላቴን ተመትቻለሁ። ዶክተሯ ፈትና ደህና ነህ አለችኝ። እሱ ግን ቅዳሜን ተወው፣ ጭራሽ ጨዋታ አቁም አለኝ። በሃያ አምስት ዓመቴ አቁሜ ምን ልሠራ ነው? ሌላ የማውቀው ነገር የለኝም።»

«መልበሻ ክፍል ውስጥ አጠገብ ለአጠገብ ነው የምትቀመጡት?»

«ምን ዓይነት ቅጣት መሰለሽ። ጫማውን በባዶ እግሩ ነው የሚያጠልቀው፤ በካልሲ በረዶው አይሰማኝም ይላል። ሽታውን የምንችለው እኛ።» ሊስቅ ብሎ ተወው። «ይል ነበር ማለቴ ነው።»

የቡድኑ ሐኪም ዶክተር አይላ ሶርሳ ከዳሌ ቀዶ ሕክምናዋ ገና አላገገመችም፤ በሁለት ምርኩዝ ተደግፋ ገባች።

«ሴቬሪ ሊከስዎት ዝቶ ነበር?»

«ዝቷል። ወንድሜን ለጨዋታ ያሳለፍሽው አንቺ ነሽ አለኝ። እኔ የማሳልፈው በውጤት ነው። በበጋ፣ ጤነኛ ሳሉ፣ የማስታወስ ፈተና እንሰጣቸዋለን። ክረምት ላይ ሲመቱ ደግመን ፈትነን እናስተያያለን። የኑቲ አልወረደም።»

«ክረምት ላይ ውጤቱ የወረደ እንዳይመስል በበጋው ፈተና ሆን ብሎ የተሳሳተ ሰውስ?»

ዶክተሯ ምርኩዟን አስተካከለች። «ሴቬሪም ይህንኑ ጠየቀኝ። ማስረጃ የለኝም አልኩት።»

«እሱንስ መጨረሻ ያከሙት መቼ ነው?»

«ሰኞ፤ ተረከዙ ተልጦ። ካልሲ አድርግ ብዬ ስለምነው ስንት ዓመቴ! ይስቅብኛል።»

አሠልጣኝ ራውኖ ሂልቱላ ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

«እንደ ልጄ ነው። በእጄ ነው ያደገው።»

«ትጥቁን ሲያዩት እንግዳ የሆነብዎት ነገር ነበር?»

«ምን እንግዳ ነገር አለው? አምበል ነው፤ ሳያሟላ አይገባም።»

«ሲለብሱ መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ይሆናሉ?»

ራውኖ ቅር ተሰኘ። «ጫማቸውን አስረው ሳይጨርሱ እግሬ አይረግጠውም። ክፍሉ የተጫዋቾች ነው። የዛሬ ጎረምሳ አሠልጣኞች ልጆቹ ሱሪ ሳይታጠቁ እየገቡ ይቀልዳሉ፤ እኔ ግን አሠልጣኜ ያስተማረኝን አልረሳሁም።»

«ቅዳሜ ኑቲ ይጫወታል?»

«ይሄስ ይጠየቃል? ያለ እሱ ዋንጫ የለም።»

ሲርካ አመስግናው ወጣች።

ረቡዕ ከሰዓት ሦስቱንም መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ራውኖ ደፉ ላይ ቆመ።

«ይግቡ» አለችው። «ዛሬ የሚለብስ የለም።»

ገብቶ በሩ አጠገብ ተቀመጠ።

«ሴቬሪ ካልሲ አያደርግም ነበር» ብላ ጀመረች። «አስከሬኑ ግን አዲስ ካልሲ ለብሷል። እንግዲህ ያለበሰው ሌላ ሰው ነው ማለት ነው።»

«ተረከዙ ተልጦ ነበር ይባል የለ?» አለ ራውኖ። «ታዲያ ቢያደርግ ምን ይገርማል?»

«እኔም አስቤበት ነበር። ነገር ግን ጫማው በሙቀት ለባዶ እግሩ የተቀረጸ ነው። በዚያ ወፍራም ካልሲ ተረከዙ ወደ ቦታው አልገባም። እንደዚያ ሆኖ መንሸራተት ቀርቶ መቆምም አይችልም። ጭረቶቹን የተወው፣ እሱን አስተኝቶ በገዛ መንሸራተቻ ጫማው በረዶው ላይ የዞረ ሰው ነው።»

ሲርካ ሦስቱንም በየተራ ተመለከተች።

«ዶክተር አይላ የሚፈሩት ክስ ነበረባቸው። ሆኖም በሁለት ምርኩዝ ያን የሚያህል ሰው አይጎትቱም፣ በረዶም ላይ አይዞሩም። ካልሲ እንደማያደርግም ያውቃሉ። ኑቲ ተጣልቷል፣ ጉልበትም አለው። እሱ ቢሆን ኖሮ ግን የወንድሙን ጫማ በባዶ እግሩ ያጠልቅለት ነበር። የቀረው፣ ሴቬሪን ከልጅነቱ የሚያውቅ፣ በበረዶ ላይ ዘወትር ያየው፣ ጫማ ሲያጠልቅ ግን አንድም ቀን ያላየው ሰው ነው። ራውኖ፣ ዛሬ ጠዋት ቢሮዎን ፈትሸናል፤ የብረት ማሞቂያውን ጠርዝ አጥበውታል። ከጀርባው የወረደውን ደም ግን አላዩትም።»

ራውኖ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አጋጠመ። ሲናገር ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር።

«ለሆኪ ማኅበሩ እናገራለሁ አለኝ። በበጋ ሊቅ አትሁኑ፣ ትንሽ ተሳሳቱ ብዬ የማስተምራቸው እኔ መሆኔን። ሁላችንም እንደዚያ ነው ያደግነው፤ እሱ ራሱም ተሳስቷል። አንድ ሳምንት ብቻ ታገሠኝ ብዬ ለመንኩት። ወንድሜ አንድ ሳምንት የለውም አለ። ገፋሁት። መግፋት ብቻ ነው ያሰብኩት።»

«ሲወድቅ ትንፋሽ ነበረው?» አለች ዶክተሯ።

«ነበረው።»

«ለምን አልጠራኸኝም?»

ራውኖ ጥያቄው እንዳልገባው ሰው ቀና ብሎ አያት። «ቅዳሜ ጨዋታ ነበረን» አለ።

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ከመቀመጫው የተነሣ አልነበረም። ሲርካ ካፖርቷን አነሣች። ኑቲ ግድግዳውን ይዞ ቆመ፤ ሚዛኑ እስኪመለስለት ጠበቀና ወደ ዶክተሯ ዞረ።

«በበጋው ፈተና ሆን ብዬ ነው የተሳሳትኩት» አላት። «ከዛሬ ጀምሮ አልጫወትም።»