የተወለወለው ብረቱ ብቻ ነው

«ገዳይ ዓይኑ ያስታውቃል! እኔ ከበር ላይ ነው የምለየው፤ አንዴም ስቼ አላውቅም።»

መርማሪ ሞሪን ፓርጅተር ይህን ያለችው ገና ካፖርቷን ሳታወልቅ ነው። በርሚንግሃም ውስጥ ካሉት ጠባብ ቤቶች በአንዱ፣ የጓሮ ክፍሉ ወለል ላይ ሽማግሌው ዊልፍሬድ ቶሊ ተዘርሯል። የሸሚዙ ደረት ተጨምድዷል፤ ጭንቅላቱን የጠረጴዛው ጠርዝ ፈንክቶታል። ግድግዳው ላይ በታመቀ አየር የሚተኩሱ የድሮ ጠመንጃዎች ተደርድረዋል፤ አንዱ ብቻ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል።

ከእሁዱ ምሳ በኋላ ቤት ውስጥ የነበሩት ሦስት ናቸው፦ ሚስቱ ኢኒድ፣ ልጁ ሊንደን፣ እንደ እሱው ጠመንጃ ሰብሳቢ የሆነው የረጅም ጊዜ ወዳጁ ሆራስ ቤዶስ።

ሊንደን ዓይኑ ደም መስሏል። ሞሪን አላመነታችም፤ በካቴና አሰረችው።

«ልጄን? ምን አደረገ?» ብላ ጮኸች ኢኒድ።

«ከአባቱ ጋር ሲጨቃጨቅ ጎረቤት ሰምቷል።»

«አዎ ተጨቃጭቀናል!» አለ ሊንደን። «ልጄን አንድ ቀን አቅፏት አያውቅም። እነዚህን ግን ሲያሻሽ ነው የሚውለው። ቆይ፣ ምናቸው ነው የሚወደደው?»

ሞሪን ወደ ሆራስ ዞረች። «እውነት ምናቸው ነው? ድንቢጥ እንኳን በቅጡ አይጥሉም።»

«መጣሉን ማን ፈለገው?» አለ ሆራስ በለሆሳስ። «ልታጎርሺው አፈሙዙን ስታጥፊው ያ የዘይት ሽታ ይመጣል። እንደገና ልጅ ትሆኛለሽ፤ አባትሽ ከኋላሽ ቆሞ ትከሻሽን ይይዝሻል። የምንሰበስበው እሱን ነው።»

ሞሪን ወደ ጓሮ ክፍሉ ተመለሰች። የተጋደመውን ጠመንጃ አየችው፤ ጎንበስ ብላም ሰደፉን ከሥር አየችው። ስትመለስ ሁሉንም ሳሎን ሰብስባ የሊንደንን ካቴና ፈታች።

«እንጨቱ ላይ የደም ፍንጣቂ አለ» አለች። «ፍንጣቂው ብረቱ ጋ ሲደርስ ይቋረጣል። ስለዚህ ብረቱ የተወለወለው ሰውዬው ከወደቀ በኋላ ነው፤ ያውም በዘይት። አሻራ ለማጥፋት ቢሆን እንጨቱም ይጠረግ ነበር። ወይዘሮ ኢኒድ ቢሆኑ ሁሉንም ይፈትጉት ነበር። ሊንደን ቢሆን ይሰባብረው ነበር። የሰው ላብና ደም ብረት እንደሚያዝግ አስቦ፣ ሬሳ አጠገብ ቆሞ የሚወለውል ሰብሳቢ ብቻ ነው። ከሰደፉ ሥር ደግሞ በቢላ የተቀረጸ ስም አለ፦ ሆራስ።»

ሆራስ እጆቹን አየ።

«የአባቴ ስጦታ ነው» አለ። «እሱ ሲሞት እንጀራ አባቴ ሸጠብኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ስፈልገው፣ ዊልፍ ደብቆት ኖሯል። ዛሬ አሳየኝና ሳቀ። ‹ብትሞትም አታገኘውም› አለኝ። ገፈተርኩት። ከዚያ... ደም ነክቶት ስለነበር...»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። ሞሪን ፊቷ ፈክቶ ወደ ኢኒድ ዞረች።

«አዩ? አንዲት ጠብታ ዘይት! ሌላ ሰው ቢሆን እኮ በፍጹም አያስተውላትም ነበር።»

ኢኒድ የልጇን የቀላ የእጅ አንጓ እያሸች ቀና አለች።

«አንቺም ያው እንደነሱ ነሽ። ስለ ብረት ስታወሪ ነው ዓይንሽ የሚበራው። የሞተው እኮ ባሌ ነው።»