ቆዳ የሌለው ሥጋ

ጠዋት በረቱ ሲከፈት ዳማ የለም። የተገኘው የተቆረጠ ጠፍር ብቻ ነው።

ዳማ የእማማ አሰፋች በሬ ነው። እማማ ባላቸው የሞተባቸው፣ ከሽንፋ ወጣ ብሎ ባለ መንደር የሚያርሱ ሴት ናቸው። ያላቸው በሬ እሱ ብቻ ነበር። አንድ በሬ ብቻውን አያርስምና ከባላቸው ወንድም ከአምባው በሬ ጋር ይቀናጁ ነበር፤ አንድ ቀን የእሳቸው መሬት፣ አንድ ቀን የእሱ ይታረሳል። ግንቦት ሊጋመስ ነው። ዝናቡ ቢዘገይ ከአንድ ወር አያልፍም።

በሦስተኛው ቀን መንደሩ አውጫጭኝ ተቀመጠ። ደንቡ የታወቀ ነው፤ ሰው ሁሉ ከዛፉ ሥር ይሰበሰባል፣ ሌባው እስኪወጣ ድረስ ማንም ቤቱ አይገባም። የቆላ ፀሐይ ደግሞ አናት ይበሳል። አርባ ሦስት ሰው ጦሙን እየዋለ እውነት ይወጣል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። በእንዲህ ያለ ቀን የሚወጣው እውነት ሳይሆን ሰው ነው። ወጣም፤ ኢሳ።

ኢሳ የእማማ ከብት ጠባቂ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመቱ። እናቱ ከገላባት ማዶ መጥታ እዚያው መንደር ስትሞትበት፣ ከስምንት ዓመቱ ጀምሮ እማማ ናቸው ያሳደጉት። አምባው ተነሣና ኢሳን ዳማ በጠፋበት ሌሊት በሬ እየነዳ ወደ ድንበሩ ሲሄድ አየሁት አለ። ሌላው ሸሚዙ ላይ ደም አየሁ አለ። ለኢሳ የሚሟገት አንድ ዘመድ አልነበረም። በመጨረሻ ሰብሳቢው ሽማግሌ አቶ ዋኘው ወደ እማማ ዞረው እርስዎስ ምን ይላሉ ሲሏቸው፣ እማማ አንገታቸውን ደፍተው፦

«እሱ ይሆናል» አሉ።

ኢሳን ሸሕዲ ፖሊስ ጣቢያ ያስገባችው ይቺ ቃል ናት።

ምርመራውን የያዘችው ምክትል ኢንስፔክተር ሠላማዊት ችኮላ የማይሆንላት ሴት ናት። ባልደረቦቿ አንቺ እስክትጨርሺ ተከሳሹ ያረጃል እያሉ ያሾፉባታል። ኢሳን ፊት ለፊቷ አስቀመጠችው።

«በሬውን የት አደረስከው?»

«አልነካሁትም።»

«ሸሚዝህ ላይ ያለው ደምስ?»

«የፍየል ነው። ገላባት ማዶ ያለችው አክስቴ ለልጇ ስም ስታወጣ ያረድኩት።»

«አምባው አየሁት ብሏል።»

«አምባው ያለውን ይበል። እኔን ያመመኝ የእሱ አይደለም።»

«የማን ነው?»

«የእማማ።»

ሸሚዙ አዲስ አበባ ለምርመራ ተላከ። ፍርድ ቤቱም አሥራ አራት ቀን ፈቀደ። ማስረጃ ተሟልቶ ክስ ከተመሠረተ ለኢሳ የሚጠብቀው የዓመታት እስር ነው።

ሠላማዊት መንደሩ ወርዳ ሰው አነጋገረች። አምባውን ስትጠረጥር ሁሉም ሳቁባት። የራሱ በሬ ከማን ጋር ሊቀናጅ ነው? መቀናጆውን የሚያጠፋ ሰው የገዛ እግሩን የሚቆርጥ ነው አሏት። እሷም ለጊዜው አመነች። በኋላ ግን እማማ ራሳቸው ሳያስቡት አንድ ነገር ነገሯት። በአውጫጭኙ ማግስት አምባው መጥቶ፣ መሬታችንን አንድ ላይ ለጎንደሩ ባለሀብት እንስጠው፣ በትራክተር አርሶ ሰሊጥ ይዝራበት፣ ምርቱን እንካፈላለን ብሏቸዋል። አምናም ብሎ ነበር። አምና እማማ በሬ እያለኝ መሬቴን ለሰው አልሰጥም ብለው መልሰውታል።

ትራክተር መቀናጆ አያስፈልገውም። በሬ ካራጁ ይውላል የሚባለው ለካ ለዚህ ነው።

የፍርድ ቤት ማዘዣ ይዛ የአምባውን ቤት ፈተሸች። ከጣሪያው ሥር ሦስት ገመድ ሙሉ ቋንጣ ተሰቅሏል።

«የምን ሥጋ ነው?»

«የፋሲካ ቅርጫ ነዋ።»

«ስንት መደብ ነበር የደረሰህ?»

«አንድ።»

«አንድ መደብ ሦስት ገመድ ቋንጣ ይወጣዋል?»

«ሚስቴ ቆጣቢ ናት» አለ አምባው፣ ፊቱ ሳይለወጥ። ቀጥሎም ተዝናንቶ «ዳማ ነው ካልሽ ምልክቱን አሳዪኛ! ከብት የሚታወቀው በቆዳው ነው፣ በጆሮው ቁርጥ ነው። ሥጋ ስም የለውም» አላት።

ክፋቱ እውነቱን ነበር። የሥጋውን ዲኤንኤ ማንበብ ይቻላል፤ ግን ከምን ጋር ይመሳከራል? የዳማ ቆዳ የለ፣ ቀንድ የለ፣ እናቱም ከሞተች ቆይታለች። ሠላማዊት ተናደደች። ከቋንጣው ናሙና ወሰደች፤ ከአምባው ጋር ቅርጫ ከገባ ጎረቤትም ከተረፈችው ቋንጣ አንድ ቁራጭ ለመነች። ከዚያም የወረዳውን የእንስሳት ሐኪም ዶክተር ባየልኝን ይዛ እማማ በረት ገባች። ምናልባት የዳማ ፀጉር ግድግዳው ላይ ተለጥፎ እንደሆን ብላ ነው።

በረቱ ውስጥ ፀጉር ሞልቷል፤ የየትኛው ከብት እንደሆነ የሚያውቅ ግን የለም። ዶክተሩ ፀጉሩን ትቶ ጥግ ላይ የቆመች አንዲት ጊደር ላይ ዓይኑን ጣለ። አንገቷ ደንዳና፣ ግንባሯ እንደ ወይፈን ሰፊ ነው።

«ስንት ወልዳለች?» አላቸው እማማን።

«ምንም። ኮርማም ፈልጋ አታውቅ።»

«ዕድሜዋስ?»

«ስድስት።»

«የዳማስ?»

እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ዶክተሩ ረጋ ብሎ «መንታ ናቸው አይደል?» ሲላቸው ቁጭ አሉ።

ነገሩ ይሄ ነው። ላሚቱ ወንድና ሴት መንታ ወለደች። እማማ የሰው ዓይን ፈሩ። ጊደሯን ከገለጉ ገበያ የገዛኋት ናት ብለው ለመንደሩ አወሩ፤ አምባውም ያንኑ አመነ። እውነቱን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ያን ቀን ላሚቱን ያዋለደው ኢሳ። ለማንም እንዳይናገር በፈጣሪ ስም አስምለውት ነበር።

ሠላማዊት ታስሮም አለመናገሩን ስትነግራቸው እማማ አለቀሱ።

ዶክተሩ ነገሩን ያስረዳው በመንገድ ላይ ነው። በሰው መንታ ብዙ ጊዜ የማይሆን ነገር በከብት መንታ ይሆናል። የሁለቱ ጥጆች እንግዴ ልጅ ማህፀን ውስጥ ይገናኛል፣ የደም ሥራቸውም ይጋጠማል። የወንዱ ሆርሞን የሴቷ ማህፀን እንዳያድግ ስለሚያደርግ፣ ከወንድ ጋር መንታ ከተወለዱ አሥር ጊደሮች ዘጠኙ ያህል መካን ናቸው። ይህን ገበሬም በልምድ ያውቀዋል። የሚገርመው ሌላው ነው። ደም የሚሠሩት የወንድሟ ህዋሶች ተሻግረው የእሷ መቅኔ ውስጥ ቤት ይሠራሉ። እዚያው ሆነው ዕድሜ ልኳን የእሱን ደም ያመርታሉ።

«ዳማ ቢሞትም?» አለች ሠላማዊት።

«ቢሞትም። የጊደሯ ፀጉር የራሷ ብቻ ነው፤ ደሟ ግን የሁለት ከብት ነው። ከደሟ ላይ የእሷን ስትቀንሺ የሚተርፍሽ ዳማ ነው።»

ሠላማዊት መኪናውን መልስ አለችው።

ከጊደሯ ደምና ከነሥሩ የተነቀለ የጭራ ፀጉር ተወሰደ። አሥራ አራቱ ቀን አለቀ። ዳኛው ሌላ አሥራ አራት ቀን ሲፈቅዱ የመጨረሻ ነው ብለው አስጠነቀቁ። ውጤቱ የመጣው ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። የሸሚዙ ደም የፍየል ነው። የጊደሯ ፀጉር የአንዲት ሴት ከብት ነው። ደሟ ግን የሁለት ከብት፣ አንዷ ሴት፣ አንዱ ወንድ። የወንዱ ዲኤንኤ ከአምባው ቋንጣ ጋር አንድ ሆነ። የጎረቤትየው የቅርጫ ቋንጣ የሌላ በሬ ነው።

አምባው ተጠራ።

«ሥጋ ስም የለውም ብለኸኝ ነበር።»

«አዎ። የለውም።»

«አለው። እህቱ ነግራናለች።»

«የማን እህት?»

ወረቀቱን አንብባ አስረዳችው። አምባው መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ውኃ ጠየቀ። ከዚያ ተናገረ። ባለሀብቱ ለአንተ ቁራጭ መሬት ትራክተር አላመጣም፣ የሁለታችሁን ካላገናኘህ አይሆንም ብሎት ነበር። ሴትዮዋ በሬዋን ይዛ እምቢ አለች። ዳማን ገደል አውርዶ አረደው፤ ቆዳውንና ጭንቅላቱን ከነቀንዱ አቃጠለ።

«ሥጋውንስ ለምን አላቃጠልከውም?»

«የበሬ ሥጋ እንዴት ይቃጠላል?» አለ፣ በጥያቄው ተገርሞ።

«ኢሳንስ ለምን?»

«አንድ ሰው መውጣት ነበረበት። እሱ ደሞ ማን አለው?»

ኢሳ በነጋታው ተፈታ። መንደር የሄደው ልብሱን ሊወስድ ነው። እማማ ግን አቶ ዋኘውን ሰው ካልሰበሰቡልኝ ከደጅዎ አልነሣም ብለው፣ ያው ሰው እዚያው ዛፍ ሥር ተቀምጧል። ኢሳ ሲደርስ እማማ አንገታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው መሐል ላይ ተንበርክከዋል። በስድሳ ስምንት ዓመታቸው። «በአፌ ነው የገደልኩህ፣ ልጄ» አሉት።

ኢሳ ድንጋዩን በሁለት እጁ አነሣላቸው፤ ደግፎም አቆማቸው።

«የእርስዎን ይቅር ብያለሁ፣ እማማ።»

ድንጋዩን ግን አልጣለውም። ከሰዎቹ ፊት አኖረው።

«ያን ቀን እዚህ አርባ ሦስት ሰው ነበር» አለና ከድንጋዩ ማዶ ቁጭ አለ።

አቶ ዋኘው በትራቸውን አጠገባቸው ላለ ሰው ሰጥተው ተነሡ፤ ጎንበስ ብለውም ድንጋዩን ተሸከሙ።