የሐዳዶች ደም

«ሽጉጦቹ ከወደብ ገብተዋል» አለና ኤልያስ ሳጥኑን በአቡ ቱፊቅ ቀጥቃጭ ቤት፣ ብረት ከሚመታበት መስፍ ሥር አኖረው።

ኤልያስ ሐዳድ እውነተኛ ስሙ አይደለም። የላከው የስለላ ቢሮ የሚያውቀው «ጉጠት» በሚል መጠሪያ ነው። ወደ ሊባኖሷ ከተማ ወደ ዛህሌ የተላከው ለአንድ ጉዳይ ነበር። አቡ ቱፊቅ ሐዳድ ለእሁድ ገበያ በፈንጂ የሞላት መኪና አለች። የትኛዋ እንደሆነች ካላወቀ ገበያተኛው ያልቃል።

አቡ ቱፊቅ ከዘመድ በቀር ሰው አያስጠጋም። ስለዚህ ቢሮው የሐዳዶችን የዘር ታሪክ ከወንድሙ ልጅ ከጂርጂስ ገዛ። ኤልያስንም ብራዚል የተወለደ ዘመድ አደረገው። ከወንበራቸው የማይነሱ ሹማምንት የሰው አያት እንደ ሽንኩርት ከገበያ የሚሸመት ይመስላቸዋል። ትዕቢተኞች!

አቡ ቱፊቅ ወናፉን ያናፋል። ጂርጂስ በሩ ላይ ቆሟል። የአቡ ቱፊቅ ልጅ ቱፊቅ ዳቦ ያኝካል።

«እስቲ ንገረን፣ የአጎት ልጅ» አለ አቡ ቱፊቅ። «የኛ ቀጥቃጮች ከሶርያ፣ ከሐውራን ለምን ወጡ?»

«ድርቅ ነዋ። እህል ሲጠፋ ማረሻ የሚያሠራም ጠፋ። መጀመሪያ ወደ ተራራው፣ ከዚያ ወደ ዛህሌ። የኛዎቹ ደግሞ ወደ ብራዚል።»

ቱፊቅ ማኘኩን አቆመ።

«ድርቅ ለእንግዳ ነው» አለ አቡ ቱፊቅ ቀስ ብሎ። «ለግብር ሰብሳቢ፣ ለቄስ፣ ለአማች። የኛ ልጅ ግን ጡት ሲጥል እውነቱን ይሰማል። አያታችን የባላባቱን ልጅ በመዶሻ ገድሎ ነው ሸሽተን የመጣነው። ብራዚል የተወለደውም ያውቀዋል።»

ኤልያስ ወደ ጂርጂስ ዞረ።

ጂርጂስ ፈገግ አለ። «ለቢሮህ የእንግዳውን ታሪክ ሸጥኩለት። ምን ላድርግ፣ የቤቱን አልጠየቁኝም።»

ጂርጂስና ቱፊቅ ይዘው አንበረከኩት። ቀኝ እጁን መስፉ ላይ ዘረጉት።

መዶሻው ወረደ።

አጥንቱ ሲደቅ በጆሮው ሰማው።

«ካንተ ሌላ ማንን ላኩ?»

መዶሻው ተደገመ።

«ይሄ ከገባ ሌላም ገብቷል» አለ አቡ ቱፊቅ። «እሁድን አንጠብቅም፤ ገበያው ዛሬም ሰው አያጣም። ቱፊቅ፣ የዳቦ መኪናዋን ውሰዳት። ገበያው መሐል አቁመሃት ዞር በል።»

የዳቦ መኪናዋ ናት።

ቱፊቅ ለቆት ወጣ። ኤልያስ በጂርጂስ እጅ ውስጥ ተዝለፍልፎ ሳጥኑ ላይ ወደቀ። ግራ እጁ በቅባት የተለወሱትን ሽጉጦች ፈልፍሎ ከሥር ደረሰ። ታች ያለውን ሽጉጥ ሳጥኑን ሲያሽግ ጥይት አጉርሶት ነበር።

ጂርጂስን ጉሮሮው ላይ በጥይት መታው። አቡ ቱፊቅ መዶሻውን እንዳነሳ ደረቱን ተመትቶ ፍሙ ላይ ተደፋ። ሥጋው ጨሰ።

ግቢው ውስጥ ሞተር ተነሳ።

ኤልያስ እየተንገዳገደ ወጥቶ መኪናዋ ፊት ቆመ። ቱፊቅ በፊት መስተዋቱ አየው። ሰሞኑን አልጋውን ለቆለት መሬት ሲተኛ የከረመ ልጅ ነው።

«ዞር በልልኝ፣ የአጎት ልጅ» አለ ከልማድ።

ኤልያስ ግንባሩን አልሞ ተኮሰ።

ወደ ቤይሩት በሚወርደው አውቶቡስ ላይ፣ ኬላው ጋ፣ አንድ ወታደር ከኤልያስ ሌላ ስም ያለበት መታወቂያ ተቀበለ። የተጠቀለለውን እጅ አይቶ ወፍጮ በልቶት እንደሆነ ጠየቀ። ሰውዬው ራሱን ነቅንቆ አዎ አለ።

«ኻያጥ?» ወታደሩ ስሙን አንብቦ ፊቱ ፈካ። «እናቴም ከኻያጦች ናት። የናንተዎቹ ከየት መጡ?»

«አላውቅም።»

«እንዴት አታውቅም? አባትህ አልነገረህም?»

«አልነገረኝም።»

ወታደሩ መታወቂያውን ጭኑ ላይ ጣለለት።

«ዘሩን የማያውቅ ሰው» አለና ወደሚቀጥለው ተሳፋሪ አለፈ።