ለፀዳለ ሠርግ የተቀመጠው ትርንጎ

ፀዳለ ትርንጎ ስትገዛ ለመልኩ ቁብ አትሰጥም። በእጇ ትመዝነዋለች፣ ልጣጩን በጥፍሯ ጫር አድርጋ ታሸተዋለች። ሽታው ጣቷ ላይ ካልቀረ ትልቅ ሎሚ ነውና ትመልሰዋለች። ከፈይሳ ጋር ያገናኛትም ይኸው አመሏ ነው። ከመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም እያስጫነ የሚመጣው ደላላ፣ ናዝሬት ገበያ ውስጥ ከኋላዋ ቆሞ ሲያያት ቆየና ሳቀ።

«እህቴ፣ ልትገዢው ነው ወይስ ልታገቢው?»

«ለሁለቱም አስቀድሞ ማሽተት ይበጃል» አለችው፣ ዞር ሳትል።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ትርንጎ በዘንቢል ይዞላት መጣ። ግማሹ ሎሚ ነበር። እየሳቀች መለየት አስተማረችው። ጣቶቻቸው ልጣጩ ላይ ተነካኩ። ከዚያ ወዲያ ፈይሳ ሎሚ ይዞ መጥቶ አያውቅም።

ፀዳለ ከእናቷ ከወይዘሮ አረጋሽ ጋር እቤት ኬክ እየጋገረች ትሸጣለች። ዘመኑ የደርግ ነው፤ አባቷ ጴንጤ ነህ ተብለው ታስረዋል። ስኳር በቀበሌ ራሽን ነው፣ እሱም ከተገኘ። ፈይሳ «ከመስቀል በኋላ ሽማግሌ እልካለሁ» ባላት ክረምት፣ እናትና ልጅ ሻያቸውን በጨው እየጠጡ የራሽን ስኳራቸውን አጠራቀሙ። ለፀዳለ ሠርግ ኬክ የሚገባ ትርንጎ ሊሠራበት ነው።

ፀዳለ ወፍራሙን ልጣጭ ምሬቱ እስኪለቅ ውሃ እየለዋወጠች ቀቀለችው። ከዚያ በስኳር ውሃ፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት፣ ብርሃን የሚያሳልፍ እስኪሆን አንተከተከችው። በቅጠል ቅርጽ ቆራርጣ አደረቀችውና በማርማላታ ጠርሙስ ሞልታ አንገቱን በአረንጓዴ ክር አሰረች።

«ስጪኝ፣ ለእናቴ ላሳያት» አላት ፈይሳ። «ሙያሽን ከቀመሰች እምቢ አትልም።»

«የሠርግሽ እኮ ነው» አሉ ወይዘሮ አረጋሽ።

«ይመልሰዋል፣ እማዬ።»

መስቀል አለፈ፤ ሽማግሌ አልመጣም። ፈይሳ «ሥራ በዛብኝ» ብሎ በሹፌር ላከባት፣ እሷም አመነች። የወደደ ሰው እንዲህ ነው፤ ለዋሸው ሰው ሰበቡን ራሱ ይፈልግለታል።

ጥር ሲገባ አንዲት ቆንጆ ልጅ ከመቂ መጥታ በራቸውን አንኳኳች። ጉዲቱ ትባላለች፤ የመቂ ቀበሌ ሊቀመንበር ልጅ ናት፣ የሠርግ ኬክ ልታዝ ነው። ከቦርሳዋ ጠርሙስ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። አንገቱ ላይ አረንጓዴ ክር ነበር።

«ይኼን ጨምሪበት። የእጮኛዬ እናት ለእኔ ብላ የሠራችው ነው፤ ፈይሳ ነው ያመጣልኝ።»

ፀዳለ ክሩን ነካችው። ወይዘሮ አረጋሽ ከጓዳ ብቅ ብለው ጠርሙሱን፣ ቀጥሎም ልጃቸውን አዩ። ጉዲቱ ፈገግ ብላ ትጠብቃለች። እሷ ምን ታውቃለች።

«እሠራልሻለሁ» አለች ፀዳለ።

ልጅቷ ስትወጣ እናቷ በሩን ዘጉ። «አባትሽ ስለታሰሩ ነው። የሊቀመንበር አማችነት ይሻለዋል።»

ፀዳለ ያኔ አለቀሰች። ከሁሉ በላይ ያንገበገባት ያ ሻይ ነው፤ እናቷ ከነደም ግፊታቸው ያን ሁሉ ጨው ጠጥተውላታል።

በሠርጉ ቀን ኬኩን ራሷ መቂ ወስዳ ሙሽሮቹ ፊት አኖረችው። ፈይሳ ሲያያት ፊቱ አመድ መሰለ። እሷ ግን አልፋው ሄዳ፣ ያልተከፈተውን ጠርሙስ አጠገቡ ለተቀመጡት እናቱ በሁለት እጇ ሰጠች።

«እማማ፣ ይሄ የእርስዎ ሥራ ነው ተባልኩ። ኬኩ ውስጥ አልጨመርኩትም።»

ሴትዮዋ ጠርሙሱን አገላብጠው አዩት። «የኔ ልጅ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሠርቼ አላውቅም። ምንድነው?»

ጉዲቱ ወደ ፈይሳ ዞረች። «እናቴ የሠራችው ነው አላልከኝም?»



«ትርንጎ ነው፣ እማማ» አለች ፀዳለ። «ለይቶ ያመጣው ልጅዎ ነው። የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ለእሱና ለእኔ ሠርግ።»

ጉዲቱ ኬኩን ልትቆርስበት የያዘችውን ቢላዋ ቀስ ብላ አስቀመጠች። አሮጊቷ ልጃቸውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱትና ጠርሙሱን ለፀዳለ መለሱላት።

«ያንቺን ይዘሽ ግቢ፣ ልጄ።»

እቤት ስትደርስ እናቷ ሻይ አፍልተው ጠበቋት። ፀዳለ አረንጓዴውን ክር ፈታችና የትርንጎውን ቅጠሎች በየብርጭቆው ጨመረች። ወይዘሮ አረጋሽ ከክረምት ወዲህ ጣፋጭ ሻይ የቀመሱት ያን ቀን ነው። ልጃቸው ብርጭቆዋን ይዛ አልቅሳ አልቅሳ፣ በመጨረሻ እሷም ጠጣች።