ያልተነበበው የመጨረሻ መስመር

«የ… ይለፍ… የይለፍ ቃል… ቃልዎ፣ ዛ… ዛሬ ያበ… ያበቃል።»

የሴትዮዋ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ልጅቷ ስልኩን ያነሳችው ለራሷ ብቻ የሚሰማ መስሏት ነበር፤ ቅድም ሙዚቃ ሲያጫውት ከነበረው ስፒከር ጋር እንደተገናኘ መሆኑን ረስታዋለች። ምንጣፉ ላይ የሒሳብ ደብተራቸውን ዘርግተው የተቀመጡት ሁለት ጓደኞቿ እያንዳንዷን ፊደል እየሰሙ ነው። አንዷ፣ ሳቂታ የሚሏት፣ ትራስ አፏ ላይ ደፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

«ማናት ደግሞ እቺ?» አለች ሌላዋ፣ ረጅሟ፣ በሹክሹክታ። «የኬጂ ተማሪ ናት እንዴ?»

የልጅቷ ፊት ጋለ። «የአባቴ ዘመድ ናት» አለች፤ አፏ ቀደማት። «በቅርብ ነው የመጣችው።»

ሴትዮዋ እናቷ ነበረች።

«ቆይ ልጄ፣ ሁለት መስመር ነው የቀረኝ» አለ ድምፁ። «እዚህ ተጫኑና ቃላችሁን አስገቡ ይላል። የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ጠጋኙ ደግሞ ላኪው ማን እንደሆነ እስከ መጨረሻው ሳታነቡ አንድ ነገር እንዳትነኩ ብሎናል። ብደውልለት ስልኩ ዝግ ነው። እና ላንብብልሽና…»

ሳቂታ ሳቋን ከትራሱ ሥር አፈነዳችው።

«ምንም አይደለም፣ ለሁሉም ሰው ነው የሚላከው» አለች ልጅቷ በጥድፊያ። እማዬ ላለማለት ቃላቱን እየመረጠች ነው። «በቃ ተጫኚው። እያጠናሁ ነው።»

«እሺ የኔ ሆድ። አስቸገርኩሽ።»

ስልኩ ተዘጋ። ረጅሟ ወደ እኩልታዋ ተመለሰች። ልጅቷም አብራ ሳቀች።

እናቷ የምትሠራው በአንድ ትልቅ ላውንደሪ ነው። የሆቴልና የሆስፒታል አንሶላ በመኪና ይመጣል፤ ታጥቦና ተተኩሶ ይመለሳል። አሥራ አንድ ዓመት ካውያ ቤት በእንፋሎት ተቀቅላለች። ሁለት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ የጎልማሶች ትምህርት ተከታትላ ማንበብ ስትጀምር፣ ከአራት ወር በፊት ወደ መቀበያው አወጧት። አሁን ወንበር አላት። የመጣው ጥቅል የማን እንደሆነ፣ ስንት አንሶላና ስንት ፎጣ እንዳለው ኮምፒውተር ላይ ትመዘግባለች። የመጀመሪያው ቀን ማታ ወንበሩ ይሽከረከራል ብላ ለጎረቤት ሁሉ ስታወራ ነበር ያመሸችው።

በማግስቱ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷን ይዛ ለመሄድ እንደ ልማዷ በላውንደሪው በኩል አለፈች። መቀበያው ላይ ወንበሩ ባዶ ነበር። ከኋላ፣ ወለሉ ላይ፣ ስምንት ሴቶች በአንሶላ ክምር መካከል ተንበርክከው ጥቅል ይፈታሉ፤ የጨርቁን ጠርዝ ገልብጠው በቀለም የታተመ ምልክት ይፈልጋሉ።

«ይሄኛው የሆስፒታል ነው» አለች አንዷ።

«ምልክቱ ጠፍቷል እኮ። በበሽታው ነው የለየሽው?» አለች ሌላዋ። ማንም አልሳቀም።

ጠጋኙ ገመድ ትከሻው ላይ ጥሎ ከጓዳ ወጣ። ኮምፒውተሮቹን የሚንከባከበው እሱ ነው፤ ስሙን ያወጡለት ሠራተኞቹ ናቸው።

«ምን ሆኖ ነው?» አለችው ልጅቷ።

«አልነገረችሽም? ትናንት በላኩላት መልእክት ገብተው ዛሬ ምሳ ላይ መዝገቡን ቆለፉት።» መቀበያው ላይ ያለውን ስክሪን መታ መታ አደረገው። «ይሄ እንኳ ስክሪን ብቻ ነው። ኮምፒውተሮቻችን በሙሉ ያሉት ጓዳ ባለችው በአንዷ ትልቅ ማሽን ሆድ ውስጥ ነው፤ እንደ ኮንዶሚኒየም፣ እያንዳንዱ በየክፍሉ። ጠባቂው ፕሮግራም ጮኸ፣ የእናትሽን ክፍል ከሌሎቹ ለየው። እሱን ጥለን፣ ከትናንት ሌሊቱ ቅጂ አዲስ ሠራንላት። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ድሮ ቢሆን፣ ሁሉም ተያይዞ ሳምንት ይዘጋ ነበር።»

«ታዲያ ሴቶቹ ምን እየፈለጉ ነው?»

«ከጠዋት እስከ ምሳ የመዘገበችው ቅጂ የለውም፤ ከክፍሉ ጋር አብሮ ሄደ። አርባ ሦስት ጥቅል። የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።» አንገቱን አከከ። «የሚገርመኝ የእሷ ነው። ሌሎቹ ስም አይተው ይጫናሉ። እናትሽ ግን በጣቷ እየተከተለች እስከ ታች ነው የምታነበው። የላኪው አድራሻ ደግሞ የመጨረሻው መስመር ላይ ነበር፤ የእኛ ቤት አይደለም፣ በግልጽ ያስታውቃል። እሷን እንዴት እንዳመለጣት ግራ ገብቶኛል።»

ልጅቷ የቦርሳዋን ማንገቻ ጠበቅ አድርጋ ያዘች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። አላመለጣትም ማለት ፈለገች። ወለሉ ላይ ወደተከመረው አንሶላ ዞረች።

እናቷ እጇን በቀሚሷ እያደራረቀች ከካውያ ቤት ወጣች። ፊቷ በእንፋሎቱ ቀልቷል። ሁለቱ ሁለት ጎዳና ያህል ሄዱ።

«ከሰኞ ጀምሮ እዚያው ካውያ ቤት ነኝ» አለች እናቷ በመጨረሻ። «ንባቤ እስኪጠና ነው አሉ።»

«እኔ ነኝ ተጫኚ ያልኩሽ። ለምን አልነገርሻቸውም?»

«ጣቱ የማን ነው? የኔ ነው።»

«እማዬ…»

«ልጄ ናት ያሳሳተችኝ ብዬ ስምሽን ሰው ፊት ላንሳ? ተይ እንጂ።»

መንገድ ሲሻገሩ እንደ ድሮው ክንዷን ያዘቻት። ከተሻገሩ በኋላም አልለቀቀቻትም።

«ጓደኞችሽ ነበሩ አይደል?» አለች። «ሳቅ ሰምቻለሁ። ከሰው ጋር መሆንሽን አላወቅኩም እንጂ ባውቅ አልደውልም ነበር።» ፈገግ ለማለት ሞከረች። «የአባቴ ዘመድ ናት ስትዪም ሰምቻለሁ። ምን ውሸት አለው? ተዛምደን አይደል አንቺን የወለድን።»

ልጅቷ ቀና ብላ ልታያት አልቻለችም። እናቷ ብትቆጣት፣ ብትሰድባት፣ አንድ ጥፊ እንኳ ብታቀምሳት ይቀላት ነበር።

«ቅዳሜ ትምህርት ትሄጃለሽ?» አለች ልጅቷ።

«ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው። ዓይኔም ደክሟል።»

ዓይኗ ደህና ነበር። ትናንት ጠዋት እንኳ የታክሲውን ታፔላ ጮክ ብላ አንብባ ረዳቱን አስቃዋለች።

ዓርብ ዕለት ልጅቷ የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ አስፈቅዳ ወጣች። የላውንደሪው ሥራ አስኪያጅ ቢሮ ስትገባ ጠጋኙም እዚያው ነበር። በመንገድ የተለማመደችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት፤ ከኋላ ወደ ፊት፣ ከፊት ወደ ኋላ እያምታታች ተናገረች። እናቷ ሁለት መስመር ቀርቷት እንደነበር፣ ላንብብልሽ ስትላት እንዳቋረጠቻት፣ ተጫኚው ያለቻትም እሷ እንደሆነች።

ሥራ አስኪያጇ በጥሞና ሰማቻት። ክፉ ሴት አይደለችም።

«ጎበዝ ልጅ ነሽ» አለች። «እኔም ለእናቴ ይህንኑ አደርግ ነበር። ግን የኔ እህት፣ እናትሽ እራሷ ቸኩዬ ነው ብላ ፈርማለች።»

«እኔን ለመሸፈን ነው።»

«ወይም አንቺ እሷን። በምን ልወቅ?»

ጠጋኙ ከተደገፈበት ግድግዳ ቀና አለ። «ስትነግሪያት ሌላ የሰማ አለ?»

«ሁለት ጓደኞቼ።»

«እነሱ ይነግሩናል?»

«የሰሙትን ይነግሯችኋል። ግን…» ጫማዋን አየች። «እናቴ መሆኗን አያውቁም። ዘመድ ናት ብያቸዋለሁ።»

ከታች የማጠቢያዎቹ ድምፅ ይሰማል። ሥራ አስኪያጇ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እስካሁን እንደ ልጅ ነበር የምታያት፤ አሁን ሌላ ዓይነት አየቻት፣ ልጅቷ ያንን አስተያየት አልወደደችውም፣ ግን የተገባት መሆኑን ታውቃለች።

«ቃል አልገባልሽም» አለች ሥራ አስኪያጇ። «ግን ሰኞ ከመሆኑ በፊት ካነጋገሩኝ፣ ነገሩን እንደገና አየዋለሁ።»

ልጅቷ አመስግና ወደ ግቢው ወረደች። እርጥብ አንሶላ የጫነ ጋሪ አልፏት ሄደ። ስልኳን አወጣች። አንድ ሐሳብ ሹክ አላት፦ ስለዚያች ሴትዮ የሰማችሁትን ብቻ ንገሩልኝ ብትላቸው ይበቃል። ማን እንደሆነች መለፍለፍ ምን ያስፈልጋል? ሥራ አስኪያጇም ብትሆን እናቷ ናት ወይስ ዘመዷ እያለች አትመረምራቸውም ይሆናል። ይሄ እንኳ ይቻላል። ትንሽ ብቻ ማለሳለስ ነው።

በካውያ ቤቱ መስኮት እንፋሎት እየወጣ ነበር። ከውስጥ የእናቷ ሳል ተሰማት።

ደወለች።

«አንቺ፣ የት ገብተሽ ነው?» አለች ሳቂታ። «አስተማሪው አስፈቅዳ ወጣች አለን።»

«ረጅሟ አጠገብሽ ናት?»

«አለች። ምነው ድምፅሽ?»

«ጥሪያት» አለች ልጅቷ። «ሁለታችሁም እንድትሰሙኝ ነው። ስለ እናቴ ነው።»