የቅዱሱ ቀኝ

ሥዕል አዳሹ በጥንታዊ የቅዱሳን ሥዕሎች አዳራሽ ወለል ላይ ተዘርሮ፣ በር የሚያህል የእንጨት ሥዕል ደረቱ ላይ ወድቆ ተገኘ። መርማሪዋ ስትደርስ ሽማግሌው ጥበቃ በካቴና ታስሯል። ምን ይደረግ! አዳራሹ ውስጥ ከሟቹ ጋር የቀረው እሱ ብቻ ነው፤ ጠዋትም «መሰላልህን መተላለፊያ ላይ አትገትር፣ አንድ ቀን እጨርስሃለሁ!» ሲል ሰው ሁሉ ሰምቶታል።

«ልጄ፣ እኔ አፌ እንጂ እጄ ክፉ አይደለም» አላት ሽማግሌው።

«አፍዎ አይደል ያሳሰረዎት፣ ጋሼ!» አለችና ወደ አዳራሹ ኃላፊ ዞረች።

«ሥዕሉ በሁለት ገመድ ነበር የተንጠለጠለው» አላት ኃላፊው። «ግራው አዲስ ነው፤ ቋጠሮውን ሰው ፈቶታል። ቀኙ አሮጌ ነው፤ ተበጥሷል። ሟቹ ዛሬ ሊቀይረው ነበር።»

የሟቹ ልጅ ቢሮ ተቀምጣ ታለቅሳለች። አባቷን ልታግዝ ስትመጣ ዛሬ የመጀመሪያዋ ነው።

«የቀኙን ገመድ ፍቺልኝ አለኝ፤ መሰላል ላይ ወጥቼ ፈታሁለት። ከሥር ጠረጴዛ ስለደገፈው ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ውሃ ላመጣለት ወጣሁ። ግራውን የፈታው ያ ጥበቃ ነው! ገዳዩን ሳላይ አባቴን አልቀብርም!»

መርማሪዋ ተመልሳ ገመዶቹን አገላበጠች። የተፈታ ገመድ እንዴት ይበጠሳል? ነገሩ ገባት። ምነው በተሳሳትኩ አለች። ዝም እንዳትል ሽማግሌው እስር ቤት ሊበሰብስ ነው፤ እንዳትናገር ደግሞ ልጅቷ አለች።

ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሥዕሉ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

«የሥዕሉን ቀኝ ንኩልኝ» አለች።

ኃላፊው ቅዱሱ ለቡራኬ ባነሳው እጅ በኩል ያለውን ጠርዝ ነካ። ልጅቷ ተቃራኒውን።

«ተሳስተሻል» አላት ኃላፊው፣ ምንም ሳይጠረጥር። «እዚህ ቤት ቀኝ ማለት የቅዱሱ ቀኝ ነው። የምንቆጥረው ከእሱ ነው እንጂ ከእኛ አይደለም።»

መርማሪዋ ቃሉን ቀስ ብላ ተቀበለችው። «የተፈታው አንድ ገመድ ብቻ ነው። እሱም በሥዕሉ ፊት ለቆመ ሰው በቀኝ የሚውለው አዲሱ ገመድ ነው። ሟቹ አሮጌው የተፈታ፣ አዲሱ ሥዕሉን የያዘ መስሎት፣ ቦታ ለማግኘት ጠረጴዛውን ሳበ። ክብደቱ ሁሉ አሮጌው ላይ ወደቀ፤ አልቻለም። የዚህ ቤት ሰው ቢሆን ቀኙን አይስትም ነበር። ጋሼ እጃቸው የለበትም።»

ካቴናውን ራሷ ፈታች። ሽማግሌው ነጻ መውጣቱን ረስቶ ልጅቷን ያያል።

«ያለኝን ነው ያደረግሁት» አለች ልጅቷ። «ቀኙን አለኝ… ቀኙን ፈታሁ።»

«አዎ የኔ እህት። ያለሽን ነው ያደረግሽው። ጥፋት የለብሽም።»

ቃሉ ምንም እንዳልረዳት መርማሪዋ አየች። ልጅቷ እጇን ከሥዕሉ ሳታነሳ ቀና አለች።

«ሲወድቅበት፣ እኔ መሆኔን አውቆ ይሆን?»

ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠይቅ የኖረችው መርማሪ እጇን ልጅቷ እጅ ላይ አሳረፈች።