ለመድገሚያ የተተወ ዝምታ

ያን ቅዳሜ ጠዋት ጣና ዝም ብሎ ነበር። ሥርጉት ዝምታውን አልወደደችውም።

የደቅ ደሴት ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህርት ናት። ገና ጎሕ ሲቀድ ጀልባ መቆሚያው ወርዳ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። የአባቷ የመሪጌታ ጥዑመ ልሳን ቃል ከጆሮዋ አልጠፋም።

«እስከ ዛሬ ማታ ድረስ ሽማግሌ ካልላከ፣ ነገ የሚመጡትን እሺ እላለሁ» ብለዋታል።

ሰኞ ዐቢይ ጾም ይገባል። ነገ እሑድ የሚመጡት ሽማግሌዎች ከማዶ ደብር ለአንድ ቄስ ልጅ ሊጠይቋት ነው። መሪጌታ ደግሞ የተናገሩትን ሲያጥፉ ታይተው አያውቁም።

የምትጠብቀው ዓምደ ሚካኤል ይባላል። ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ክፍለ ከተማ ውስጥ እንግሊዝኛ ያስተምራል። የተገናኙት ዓምና ለመምህራን በተሰጠ ሥልጠና ላይ ነው። አሠልጣኙ በታብሌትና በኢንተርኔት ቋንቋ እንዴት እንደሚማሩ ሲያስረዳ ውሎ ጥያቄ ካለ ብሎ ጠየቀ። እሷ ብድግ አለች።

«ኔትወርክ የሌለበት ደሴት ላይ ይኼ ሁሉ ምን ይሠራል?»

አዳራሹ ሳቀ። ከጎኗ የተቀመጠው ሰው ግን አልሳቀም። ለሻይ ሲወጡ ተከትሏት መጣ።

«መምህርት፣ ኔትወርኩን ላመጣልዎ አልችልም። ድምፅ ግን በጀልባ ይሄዳል» አላት።

ቀልድ መስሏት ነበር። በሳምንቱ የጀልባው ባለቤት ኢስሀቅ በላስቲክ የተጠቀለለች ትንሽ ሚሞሪ ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። በውስጧ የዓምደ ሚካኤል ተማሪዎች በእንግሊዝኛ ይናገራሉ፣ ይጠይቃሉ። የእሷ ልጆች በስፒከር ሰምተው ይደግማሉ፣ መልሳቸውን በታብሌት ይቀዳሉ፤ ሚሞሪዋም በመጣችበት ጀልባ ትመለሳለች። እንግሊዝኛ ሲባል ጠረጴዛ ሥር የሚደበቁት ልጆች ቅዳሜ መቼ እንደሚደርስ መጠየቅ ጀመሩ።

ሥርጉት ገና ከመጀመሪያው ሁለት ትእዛዝ ሰጥታው ነበር።

«አንድም ልጅ ሳይናገር እንዳይቀር። ደፋር ብቻ የሚያወራበት ክፍል አልወድም። ደግሞ ከየንግግሩ በኋላ ዝምታውን አስረዝምልኝ። የኔ ልጆች ለመድገም ይፈራሉ፣ ጊዜ ስጣቸው።»

እንዳለችው አደረገ። በዚያ ዝምታ ውስጥ የእሱ ትንፋሽ ይሰማል። አንዳንዴ የባጃጅ ጡሩንባ፣ አንዳንዴ እየተቀዳ መሆኑን የረሳ ልጅ ሳቅ። ተማሪ በሞላበት ክፍል የፍቅር ቃል አይላክም፤ ሥርጉት ግን ሰውየውን የወደደችው እዚያው ዝምታ ውስጥ ነው። አንድ ቀን ልጆቹ ከወጡ በኋላ ብቻዋን ከፍታ «ናፍቀኸኛል» አለችው፣ ለስፒከሩ። ወዲያው ሰው የሰማት ይመስል በሩን ዘወር ብላ አየች።

ለሥራ ከተማ በወጣች ጊዜ ይህን ነገረችው።

«እኔስ ስቀዳ ዝም የምለው ለተማሪ ብቻ ብዬ መሰለሽ?» አላት።

መሪጌታ ግን ነገሩን አልወደዱትም። የዜማ መምህር ናቸው። ተማሪያቸው በቃሉ ሲያዜም ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፣ የሳተባት ቦታ ላይ ያስቆሙታል። ለሳቸው ማስተማር ማለት መስማት ነው። አንድ ቀን በትምህርት ቤቱ በኩል ሲያልፉ የስፒከሩን ድምፅ ሰምተው ቆሙ።

«ይኼ ነው መምህር? ልጅ ሲሳሳት አይሰማ፣ አያርም። የማይሰማ ሰው እንዴት ያስተምራል? የማይሰማ ሰውስ እንዴት ባል ይሆናል?»

ለምና ለምና ነው ይህችን አንዲት ቅዳሜ ያገኘቻት፤ ዓምደ ሚካኤልም ሁለት ሽማግሌዎች ከሚሞሪዋ ጋር በኢስሀቅ ጀልባ እንደሚልክ ነግሯታል።

ጀልባው ሁልጊዜ ቀትር ሳይሆን ይደርሳል፤ ከሰዓት በኋላ የጣና ነፋስ አይታመንም። ቀትር አለፈ። አዘዘ የሚባለው ጎረቤቷ ታንኳውን ከውኃ ስቦ አወጣና ገለበጠው።

«ምነው አዘዘ፣ ገና በጊዜ?»

«ዛሬ ውኃው አላማረኝም፣ እትዬ ሥርጉት» አላትና ወደ ላይ ሄደ።

ከዚያ ነፋሱ ተነሣ። ከማዶ ሰማዩ ጠቁሮ መጣ፤ ያለ ወቅቱ የመጣ ዝናብ ሐይቁን ከዓይኗ ሸፈነው። ስልክ እንዳትደውል ኔትወርክ የለም፤ ያን ሰሞን ባሕር ዳርም ቢሆን ይጠፋ ነበር።

ለምን እንደዘገየ ገብቷታል። ባለፈው ሚሞሪ መጨረሻ ላይ «ሔራን የምትባል ልጅ ብቻ ቀርታኛለች፣ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቃል አልወጣትም፤ ቅዳሜ ጠዋት እሞክራታለሁ» ብሏት ነበር። ያን ልጅ ሳይቀዳ ጀልባውን አያስነሣም። አንድም ልጅ እንዳይቀር ያለችው ደግሞ ራሷ ናት። ይህን ስታስብ ዝናቡ ውስጥ ቁጭ አለች።

ዝናቡ ሲያባራ ጭጋግ ወረደ። ሊመሽ ትንሽ ቀርቷል። የመንደሩ ሰው ከነተማሪዎቿ ወደ ዳር ተሰብስቧል። ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን ለለቅሶ አዘቅዝቀው ለብሰው አየቻቸው።

«ምን ሆናችሁ? ማን ሞተ?» ብላ ጮኸችባቸው።

መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው ወረዱ። ውኃው ዳር ቆሙና እጃቸውን አነሡ።

«ዝም በሉ። ሕፃን ይሰማኛል።»

«በስመ አብ!» አለ አዘዘ እያማተበ። «ውኃ ላይ ምን ሕፃን አለ?»

ሌላውም ሰማ። ቀጭን የልጅ ድምፅ ነው፣ ከጭጋጉ ውስጥ የሚመጣ፣ ሰው በሌለበት። ሽማግሌዎቹ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ድምፁ ተደገመ።

«አይ አም ሂር። ዌር አር ዩ?»

ከዚያ ዝም አለ።

እዚህ ነኝ፤ የት ናችሁ? ሥርጉት ልጅቱን ሰምታት አታውቅም፣ ግን ሔራን መሆኗን አላጣችውም። ደግሞ ዝምታው ረዘመ፣ የከተማ ክፍል ከሚችለው በላይ ረዘመ። እሷ የጠየቀችው ዝምታ ነበር።

«ልጆች፣ ድገሙ!» ብላ ጮኸች። «በኃይል ድገሙ!»

የደቅ ልጆች በአንድ አፍ «አይ አም ሂር!» አሉ። መሪጌታም ትርጉሙን ሳያውቁ ደብር በሚያናጋ ድምፃቸው አብረው አሉ። ከዚያ ሁሉም ጸጥ ብሎ የሚቀጥለውን ጠበቀ። ድምፁ ሲመጣ መሪጌታ በመቋሚያቸው አመለከቱ።

«በዚህ በኩል ነው። እየራቀ ነው፣ ፍጠኑ!»

አዘዘ ታንኳውን አቅንቶ ወደ ውኃው ገባ፤ ሌሎችም ተከተሉት።

ጀልባው ላይ ኢስሀቅ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎችና ዓምደ ሚካኤል ነበሩ። ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም ብለው ተከራክረውት ነበር። እሱ ግን ለትምህርት ቤቱ አዲስ ስፒከር ላደርስ ነው፣ ከጀልባው አልወርድም ብሎ ተሳፈረ። ሞተሩ ዝናቡ ውስጥ ጠፍቷል። ጉሮሯቸው እስኪዘጋ ከጮኹ በኋላ ዓምደ ሚካኤል ስፒከሩን ከላስቲኩ ሲያወጣ ኢስሀቅ አፈጠጠበት።

«ወላሂ፣ በዚህ ሰዓት ትምህርት?»

ያዳናቸው ግን የስፒከሩ ጩኸት ብቻ አይደለም። ስፒከሩ ውስጥ ሔራን ተናግራ ዝም ስትል የዳሩ ሰው ድምፅ ይደርሳቸዋል፤ ወደዚያ ይቀዝፋሉ። ተናግራ ዝም ትላለች፣ ደግሞ ይቀዝፋሉ። ታንኳዎቹ ሲደርሱባቸው ጀልባው በውኃ ተሞልቶ ነበር። ሰው ሁሉ ወጣ። ኢስሀቅ አባቱ በእጃቸው የሠሯት ጀልባ ስትሰምጥ ቆሞ አየና እንደ ልጅ አለቀሰ።

ከመሪጌታ በር ላይ ሁለቱ ሽማግሌዎች ውኃ እያንጠባጠቡ ቆሙ። ጋቢ ቀረበላቸው፣ እሳት ቀረበላቸው።

«ግቡ እንጂ፣ ተቀመጡ» አለች የቤቱ እመቤት ተጨንቃ።

«የመጣንበትን ሳናገኝ አንቀመጥም» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋሼ ገድሉ፣ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ።

መሪጌታ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ያን ዝምታ ማን ነው እዚያ ያስቀመጠው?»

«እሱ ነው፣ አባቴ። እኔ ጠየቅሁት፣ እሱ ተወልኝ።»

መሪጌታ ተማሪ እንደሚያዳምጡ ሁሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ።

«እንግዲያስ ይሰማል» አሉ በመጨረሻ። «ይመልሱልኛል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ይሰማል። ልጄን ሰጥቻለሁ። በሉ ተቀመጡ፣ ብርድ ሳይገድላችሁ።»

ሥርጉት ጋቢ አንሥታ ወጣች። ዓምደ ሚካኤል ደንቡን አክብሮ አጥሩ ውጭ ቆሟል፤ ይንቀጠቀጣል። ስፒከሩን አሁንም ደረቱ ላይ ታቅፎታል። ጋቢውን አለበሰችው። ምን እንደተባለ አልጠየቃትም፤ ፊቷን ብቻ አየ።

«እዚህ ነኝ» አላት በሻከረ ድምፅ። «አንቺስ?»

እንዳስተማረችው ዝም ብሎ ጠበቃት። ሥርጉት ግን ያን ጊዜ ዝምታውን አላስረዘመችውም።